አንባቢና አድማጭ፤ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ክርክር ከቦኖሻ ሲታይ

አንድ የፍቅር ታሪክ በመጽሐፍ ታትሞ ከተወደደ በኋላ በሌላ መልክ፥ ማለት በድምፅ ወይም በተንቀሳቃሽ ሥዕል የቀረበ እንደ ሆነ፥ ወዳጆቹ ወዲያው በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን «ታሪኩ ተበላሸ» ሲል፥ ሁለተኛው «አሁን ገና ነፍስ ዘራ» ይላል። ነገሩ የአንድ አገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስል አስቀድመን ከሩቅ ምሳሌ እናምጣ። ተማሪዎቻችን ዛሬ በእጅ ስልካቸው ከሚከታተሉት ነገር አንዱ «ማንጋ» የተባለው የጃፓን ሥዕላዊ መጽሐፍና ከርሱ የሚወጣው «አኒሜ» የተባለው የሥዕል ፊልም ነው። ናትሱኪ ታካያ የተባለችው ጃፓናዊት ደራሲ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2006 ድረስ በተከታታይ ያወጣችው «ፍሩትስ ባስኬት» ከዚህ ዓይነት ነው። ታሪኩ በአንድ ቤተ ሰብ ላይ ስለ ወረደ እርግማን ይናገራል፤ እርግማኑ ያለባቸው ሰዎች ተቃራኒ ጾታ ሲያቅፋቸው ወደ እንስሳ ይለወጣሉ፤ ወላጆቿ የሞቱባት አንዲት ልጃገረድም በመካከላቸው ገብታ ፍቅር ይጀመራል። መጽሐፉ ገና ሳይፈጸም በ2001 በ26 ክፍል ፊልም ሆነ፤ ከ2019 እስከ 2021 ደግሞ እንደ ገና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተሠራ። ታዲያ ወዳጆቹ አሁንም አልተስማሙም። ያልተሟላ ቢሆንም መጀመሪያ ያየነውን፥ መጀመሪያ የሰማነውን ድምፅ በምንም አንለውጠውም የሚሉ አሉ፤ ለመጽሐፉ የታመነው ሁለተኛው ነው ብለው የሚመልሱላቸውም አሉ።

እኛ ወደ ጃፓን የሄድነው ወደ ቤታችን ለመመለስ ነው። በኢትዮጵያ ምድር ይህን የመሰለ ክርክር ያስነሣ መጽሐፍ ቢፈለግ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይቀድማል ብንል የሚቃወመን ብዙ ሰው አይገኝም። ስለ መጽሐፉ ብዙ ተነግሯል፤ ዳሩ ግን ከሚነገረው የሚበዛው ከአዲስ አበባ ወይም ታሪኩ ከተፈጸመበት ከጎጃም በኩል ሆኖ የታየ ነው። እኛ ዛሬ ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ ማለት ከሆሳዕና በስተ ምሥራቅ፥ በሻሾጎ ወረዳ፥ በቦዮ ሐይቅ አገር ካለችው ከቦኖሻ ሆነን ልንመለከተው አስበናል። ከዚህ ሲታይ ክርክሩ ሌላ መልክ ያወጣል።

ደራሲው በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው፥ የቤተ ክህነቱን ትምህርት ተምረው፥ በኋላም በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቀስመው፥ በጠላት ወረራ ጊዜ ዘምተው፥ ተማርከውም በኢጣሊያ ምድር ታስረው የኖሩ፥ ከነጻነት በኋላም በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ በዚያ ዘመን በዐማርኛ ከተጻፉት ልብ ወለዶች ሁሉ ወፍራም ከሚባሉት አንዱ ነበረ። የታሪኩን አካሄድ የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው፤ ሆኖም ለክርክሩ የሚያስፈልገንን ያህል እናስታውስ። የድኾቹ የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ልጅ በዛብህ በወላጆቹ ስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ነው። ተምሮ ካደገ በኋላ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ይገባል፤ ፍቅርም ይይዛቸዋል። አባቷ ዘር እየቈጠረ፥ የመጣውን ባል ሁሉ እየናቀ ልጁን ያለ ትዳር ያስቀመጠ ሰው ነው። በዛብህ ይሸሻል፤ ሰብለ ወንጌል ከቤቷ ወጥታ ትፈልገዋለች፤ ያገኘችው ግን ሊሞት ሲል ነው። እሷም መንኵሳ ትቀራለች፤ በመጨረሻ የሚያገናኛቸው መቃብሩ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ሰው እብድ የሚለው፥ እውነቱን የሚናገረው ጉዱ ካሣ አለ፤ የተጨመረባቸውን ግብር አንከፍልም ብለው በተነሡት ባላገሮች ፊት የቆመው አበጀ በለውም አለ።

ዐማርኛ የፍቅርን ልብ ወለድ መጻፍ የጀመረው እንዲህ ባለ ኀዘን አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» (ብዙዎች «ጦቢያ» የሚሉት) እንደ ተረት ያለ ታሪክ ነው፤ ልጅቱ የወንድ ልብስ ለብሳ ትሰደዳለች፤ የማረካት ወገን ንጉሥ ይወዳታል፤ ሃይማኖቱን ለውጦ ክርስቲያን ይሆንና ያገባታል፤ ሁሉም በሠርግ ይፈጸማል። ይህን መጨረሻ ሻሾጎን በመሰለ፥ እስላምና ክርስቲያን ጎን ለጎን በሚኖሩበት አገር ሁሉም አንባቢ በአንድ ዓይነት ደስታ ያነበዋል ብለን አናስብም። አንባቢ በሚያነበው ታሪክ ውስጥ ራሱን የሚያኖርበት ቦታ ይፈልጋልና። ይህን ያነሣነው ወደ በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

መጽሐፉ በወጣበት ጊዜ የሐዲያና የከምባታ አገር በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የነበረ አውራጃ ሲሆን ዋና ከተማው ሆሳዕና ነበረች። ቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ነበረ፤ ዛሬ ስሙን ዩኒቨርሲቲው ይዞታል። በዚያ ዘመን ትምህርት ቤት የገባው ልጅ ቁጥሩ ትንሽ ነበረ፤ የገባውም ዐማርኛን የሚማረው እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ነበረ። በቤቱ የሚናገረው ሀዲይሳ ወይም ከምባትኛ ነውና። እንግዲህ የ500 ገጽ መጽሐፍ፥ ያውም በቅኔና በቤተ ክህነት አነጋገር የተሞላ መጽሐፍ፥ በእንዲህ ያለ ልጅ እጅ ሲገባ ምን ያህል እንደሚከብድ ማሰብ አያስቸግርም። ወፍራሙ መጽሐፍ በጥቂት ሰዎች እጅ ኖረ። ታሪኩ ወደ ሕዝቡ የገባው በሌላ በር ነው።

ያ በር ራዲዮ ነበረ። በ1970ዎቹ ዓመታት የቴአትር ሰው የሆነው ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው የኢትዮጵያ ራዲዮ ዝግጅት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በድምፁ አነበበው። ማንበብ ብቻ አልነበረም። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቈጣ ድምፁ ይወፍራል፤ ሰብለ ወንጌል ስትናገር ይለሰልሳል፤ ጉዱ ካሣ ሲመጣ ደግሞ ቀልድና ቁጭት አንድ ላይ ይሰማሉ። አንድ ሰው ብዙ ሰው ሆነ። ይህ ንባብ በየጊዜው እየተደገመ ተላልፏል፤ ኋላም በካሴት፥ ዛሬ ደግሞ በኢንተርኔት ይሰማል። ጊዜውም ምቹ ነበረ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሃይምነት ማጥፋት ዘመቻ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ሀዲይሳና ከምባትኛ ከነዚያ መካከል ነበሩ፤ ሁለቱም ያን ጊዜ በኢትዮጵያ ፊደል ይጻፉ ነበረ። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ልጁ ዐማርኛ ያነባል፥ አባቱ በራሱ ቋንቋ ፊደል ይቈጥራል፥ እናቱ ታዳምጣለች፤ ራዲዮኑ ግን ለሦስቱም ይናገራል። የገባው ላልገባው በሀዲይሳ እያስረዳ የሚሰማ ታሪክ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ከክርክሩ መጀመሪያ ደረስን። መጽሐፉን በዓይናቸው ያነበቡ ሰዎች፥ በድምፅ ብቻ የሰሙትን ብዙ ጊዜ «እናንተ እኮ አላነበባችሁትም፤ የሰማችሁት ወጋየሁን ነው» ሲሏቸው ይሰማል። ሰሚዎቹ ደግሞ «እናንተ ያነበባችሁት ወረቀት ነው፤ ሰዎቹን ያገኘናቸው እኛ ነን» ብለው ይመልሳሉ። እኛ በዚህ ነገር ፍርድ እንድንሰጥ ብንጠየቅ ከሰሚዎቹ ወገን ጥቂት እናደላለን፤ ምክንያታችንም የሚከተለው ነው።

የዐማርኛ ፊደል የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው ለይቶ አያሳይም። «ገና» ተብሎ ሲጻፍ የልደት በዓል ይሁን ወይም «እስካሁን ያልሆነ» ማለት ይሁን አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ፈልጎ ያገኘዋል። «አለ»ም እንዲሁ ነው፤ ተናገረ ማለትም ይሆናል፥ ይኖራል ማለትም ይሆናል። በዐማርኛ አፉን የፈታ ሰው ይህን ሳያስብ ያልፈዋል። በሁለተኛ ቋንቋነት የተማረው ግን በየመሥመሩ ይሰናከላል፤ ሲሰናከልም ታሪኩ ከፊቱ ይሸሻል። የሚገርመው፥ ሀዲይሳ ራሱ ማጥበቅና ማላላትን ያውቃል፤ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በላቲን ፊደል መጻፍ ሲጀምርም የሚጠብቀውን ድምፅ ፊደሉን ደግሞ በመጻፍ ያመለክታል። ስለዚህ የሻሾጎ ልጅ ጆሮው ልዩነቱን ያውቀዋል፥ ዓይኑ ግን በዐማርኛው ገጽ ላይ አያገኘውም። የወጋየሁ ድምፅ ይህን ሁሉ ፈትቶ አቀረበለት። የቱ ቃል እንደሚጠብቅ፥ የቱ ዐረፍተ ነገር ስድብ፥ የቱ ደግሞ ምርቃት እንደሆነ ነገረው። እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ሰው ድምፁ የመጽሐፉ ምትክ ሳይሆን የመጽሐፉ ቍልፍ ነበረ። ሰምቶ ሲያበቃ መጽሐፉን ፈልጎ ያነበበ፥ ሲያነብም ያንኑ ድምፅ በራሱ ውስጥ የሚሰማ ስንቱ ነው!

ሆኖም ድምፅ የሚሰጠውን ያህል የሚወስደው ነገር አለ። ጆሮ ገጽ መልሶ አይገልጥም። ጉዱ ካሣ ስለ ሥርዓቱ፥ ስለ ዘርና ስለ ልማድ ረዥም ክርክር ሲገጥም አንባቢው ቆም ይላል፤ «ይህ እውነት ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ ይቃወማል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ይመረምራል። አድማጩ ግን በድምፁ ውበት ተጭኖ ይወሰዳል፤ የጉዱ ካሣን ሐሳብ ሳይመረምር የጉዱ ካሣን ጠባይ ይወዳል። ብዙ ሰው በየመጠጥ ቤቱና በየሰርጉ የጉዱ ካሣን አነጋገር እየቀዳ ሲያስቅ እንሰማለን፤ ያ አነጋገር የተነገረበትን ጉዳይ ቢጠየቅ ግን ብዙም አይመልስም። አንባቢዎቹ የሚያነሡት ቅሬታ በዚህ በኩል ልክ ነው እንላለን።

ሁለተኛው ክርክር ከመጀመሪያው ጠለቅ ያለ ነው። ይህ መጽሐፍ የፍቅር መጽሐፍ ነው ወይስ የመሬት መጽሐፍ? በፍቅሩ የተማረኩት ወገኖች፥ የባላገሩ አመፅና የጉዱ ካሣ ስብከት ታሪኩን የሚያዘገይ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሁለቱ ፍቅረኞች ያ አሮጌ ሥርዓት ምን እንደሚያደርግ ለማሳየት የቀረቡ ምሳሌዎች ናቸው ይላሉ። ከየካቲት 1966 በኋላ የመጡት ተማሪዎች ሁለተኛውን ንባብ እጅግ አጠነከሩት።

ይህን ክርክር ከቦኖሻ ሆኖ የሚሰማ ሰው አንድ ነገር ያስታውሳል። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ዘመቻ ወዲህ በሐዲያና በከምባታ አገር የገባር ሥርዓት ተተክሎ ነበረ። ገባሩ ግብር ይከፍላል፤ በዚያም ላይ የሌላውን መሬት ያርሳል፥ እህሉን ያስፈጫል፥ አጥሩን ያጥራል፥ ዕቃውን ይሸከማል። ከነጻነት በኋላ ይህ ሸክም በሕግ እየቀለለ ቢሄድም፥ በሌላ ሰው መሬት ላይ እያረሱ የሚኖሩበት የጢሰኝነት ኑሮ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ እስከ ወጣ ድረስ ቆይቷል። ስለዚህ «ፍቅር እስከ መቃብር» በራዲዮ ሲነበብ ከአድማጮቹ መካከል የተጨመረ ግብር ምን እንደሆነ በጀርባቸው የሚያውቁ አባቶች ነበሩ። ለነርሱ አበጀ በለው ታሪኩን አያዘገይም። ለነርሱ ታሪኩ ከዚያ ይጀምራል።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መኖሩን መሸሸግ አይገባም። በመጽሐፉ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻና ያመፁበት ባላገሮች አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፥ ሲጣሉም በአንድ ዓይነት ምሳሌ ይሰዳደባሉ። ፊታውራሪው በባላገሮቹ እጅ ሲማረክ እንኳ የሚያስቅ ነገር የሚገኘው ስለዚህ ነው። በሐዲያ አገር የነበረው ገባር ግን በዳኛው ፊት ሲቆም አስተርጓሚ ያስፈልገው ነበረ። እንግዲህ የሐዲያ አንባቢ መጽሐፉን «የኔም ነው» ሲል ትክክል ነው፤ «ሙሉ በሙሉ የኔ አይደለም» ቢልም ትክክል ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ቀን ሊለው ይችላል። የመጽሐፉ ወዳጆች ስለዚህ ነገር ሲከራከሩ ድምፃቸው ከፍ የሚለው፥ የሚከራከሩት ስለ ልብ ወለድ ብቻ ስላልሆነ ነው።

የስለቱም ነገር እንዲሁ ነው። በዛብህን ከትዳር የሚከለክለው የዘር ማነስ ብቻ አይደለም፤ ወላጆቹ ሳያማክሩት የተሳሉት ስለት ጭምር ነው። በቤተ ክህነት ሥርዓት ያደገ አንባቢ ይህ ስለት ከብረት ሰንሰለት የጠነከረ መሆኑን ያውቃልና በዛብህ ሲጨነቅ አብሮ ይጨነቃል። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በሰፉባቸው በሆሳዕናና በዱራሜ፥ እንደዚሁም እስልምና በጸናበት በሻሾጎ ያደገ ወጣት ግን «አባትና እናት በተናገሩት ቃል ልጁ ለምን ይታሰራል?» ብሎ ቢጠይቅ አያስደንቅም። ለእንዲህ ያለው አንባቢ በዛብህ ደካማ ይመስላል፤ ጀግናዋ ሰብለ ወንጌል ትሆናለች፤ ቤቷን ትታ የወጣችው፥ መንገዱን የሄደችው እሷ ናትና። (እኛም በዚህ ላይ ከወጣቱ ጋር መስማማታችንን ሳንናገር ማለፍ አልቻልንም።) ይህ ሁሉ በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ሰው የሚያየው ግን በቆመበት በኩል ያለውን ነው። ስለ «ጦቢያ» መጨረሻ ከላይ ያልነውም ይኸው ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ታሪኩ በኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ቀረበ፤ ክርክሩም ታደሰ። አንዱ የሰብለ ወንጌል መልክ እኔ ያሰብሁት አይደለም ይላል፤ አንዱ አነጋገሩ ጎጃም ጎጃም አይሸትም ይላል፤ ሌላው ልጆቼ መጽሐፍ ባያነቡ እንኳ ታሪኩን ስላወቁልኝ ደስ ብሎኛል ይላል። በኛ አስተያየት ድራማው የተፈረደበት በመጽሐፉ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም በራዲዮኑ ነው። ድምፅ መልክን አይወስንም። ወጋየሁ ሲያነብ እያንዳንዱ አድማጭ የራሱን ሰብለ ወንጌል ሥሎ ነበረ፤ ቦኖሻ ያለው አድማጭ ያየሁት ወንዝ ይህ ነው ብሎ በአገሩ ወንዝ፥ በአገሩ ተራራ፥ ምናልባትም በጎረቤቱ ልጅ መልክ ነው የሣላት። ቴሌቪዥን ግን ለሁሉም አንድ ፊት፥ አንድ ቤት፥ አንድ ተራራ ይሰጣል። ለተመልካቹ አዲስ ሰው ሲሰጠው ለ40 ዓመት አብሮት የኖረውን ሰው ይወስድበታል። እንግዲህ ሰው ቢቈጣ ተዋናዮቹ ስላልቻሉ ነው ብሎ መደምደም ጥድፊያ ይሆናል። የጃፓኑ ፊልም ሁለተኛ ጊዜ ሲሠራ የመጀመሪያውን ድምፆች የለመዱት ሰዎች ቅር ያላቸው በዚሁ ምክንያት ይመስለናል።

በአንጻሩም ታሪኩን መጀመሪያ በቴሌቪዥን ያየ የ15 ዓመት ልጅ አለ። ለርሱ ሰብለ ወንጌል ተዋናይቱ ናት፤ መጽሐፉን ወደ ፊት ቢያነብ የተዋናይቱን ፊት እያየ ያነባል፤ የወጋየሁን ንባብ ቢሰማም ምናልባት «አንድ ሰው ብቻውን ሁሉን የሚናገረው ለምንድር ነው?» ብሎ ይገረማል። ያ ልጅ አድጎ ሌላ ሰው ታሪኩን በአዲስ መልክ ሲሠራው ከሁሉ በፊት የሚቃወመው እሱ ይሆናል።

የወጋየሁ ንባብ በራዲዮ ሲተላለፍ ደራሲው በሕይወት ነበሩ። አንባቢው ግን ቀድሞ ዐረፈ፤ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም ኅዳር 1996 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ዐረፉ። ድራማው ሲመጣ «ልክ ነው» ወይም «ልክ አይደለም» የሚል ቃል ሊሰጡ ይችሉ የነበሩት ሁለቱም አልነበሩም። ክርክሩ ለኛ ቀርቷል፤ በየቡና ቤቱና በየትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፥ ሰብለ ወንጌል ምን ትመስል እንደነበረ ሁሉም የሚያውቅ ይመስል ይቀጥላል።